ቁልቁለቱና ጉልበቱ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ መንገድ ማለት ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፤ ከመቅደላ አምባ በታች ደግሞ የበሽሎ ወንዝ ጥልቅ ሸለቆውን ይዞ ይፈሳል። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ከጋፋት አስጎትተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያደረሱት መንገድ እያስጠረጉ በእነዚህ ገደሎች ነበር። ዛሬም የአካባቢው ሰው ገበያውን፣ ወፍጮውን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በእግሩ ነው።

ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል። ቁልቁለት ግን ጉልበት ይጠይቃል።

ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ጉልበቱን ሲያመው «ብርድ ገብቶኝ ነው» ወይም «ቁርጥማት ይዞኝ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ሕመሙ ኦስቲዮአርትራይተስ የተባለው ነው። የጭንንና የቅልጥምን አጥንት ጫፍ የሚሸፍን፣ ካርቲሌጅ የሚባል ለስላሳ አካል አለ፤ እሱ እየሳሳ ሲሄድ መገጣጠሚያው ይገትራል፣ ያብጣል፣ ሲታጠፍ ይንቋቋል። ጠዋት ሲነሡ እግር አልታዘዝ የሚለው፣ ከዱካ ላይ መነሣት የሚያስጨንቀው ከዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም 528 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ በብዛት የሚጠቃውም ጉልበት ነው።

ጉልበት ምን ያህል እንደሚሸከም በርሊን ውስጥ በቀጥታ ተለክቷል። ተመራማሪዎች ሰው ሠራሽ ጉልበት ውስጥ መለኪያ ገጥመው ሰዎቹ እንዲራመዱ አደረጉ። በሜዳ ላይ ሲሄዱ በመገጣጠሚያው ላይ ያረፈው ከፍተኛ ኃይል በአማካይ የሰውነታቸውን ክብደት 2.6 ጊዜ ያህል ሆነ፤ ደረጃ ሲወርዱ 3.5 ጊዜ ያህል። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው ደረጃ ሲወርድ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ 200 ኪሎ የሚያህል ይጫነዋል ማለት ነው። ጀርባው ላይ ሃያ ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ካለ ደግሞ ይብሳል።

ጭነቱ በጉልበት ውስጥ በእኩል አይከፋፈልም፤ የሚበዛው በውስጠኛው፣ ማለትም ከሌላው ጉልበት ጋር በሚተያየው በኩል ያርፋል። ብዙ ሰው ጉልበቱ የሚጎዳውም በዚሁ በኩል ነው። የአሜሪካ ተመራማሪዎች እዚህ ላይ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሡ፤ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት አቅጣጫ ጥቂት ቢለወጥ ጭነቱ ይቀንሳል ወይ?

መልሱ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ታተመ። የዩታ፣ የኒውዮርክና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ቀላል ወይም መካከለኛ ሕመም ያለባቸውን 68 ሰዎች መረጡ። ከግማሾቹ ለእያንዳንዱ ሰው የእግሩ ጣቶች ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ፣ በ5 ወይስ በ10 ዲግሪ ቢዞሩ ጭነቱ እንደሚቀንስ ለይተው አሠለጠኑት። ቅልጥም ላይ የታሰረ መሣሪያ እየነዘረ አረማመዱን ያርመዋል። ቀሪዎቹ ግማሾች ግን ያንኑ መሣሪያ አስረው በለመዱት አረማመድ እንዲሄዱ ተደረገ፤ ማነጻጸሪያ ናቸው። ስድስት ሳምንት ሠልጥነው፣ ከዚያ በየቀኑ ቢያንስ 20 ደቂቃ ሲለማመዱ ቆዩ። ከዓመት በኋላ አረማመዳቸውን የለወጡት ሕመማቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀለለ፤ በኤም አር አይ ሲታይም የካርቲሌጃቸው ጉዳት ቀስ ብሏል።

ይህን አንብቦ ነገ ጣቶቹን ወደ ውስጥ አዙሮ መራመድ የሚጀምር ሰው ግን ይሳሳታል። ለአንዱ የሚበጀው አቅጣጫ የሌላውን ጉልበት ሊጎዳ ይችላል፤ ለዚህም ነው እያንዳንዱ ሰው ለብቻው የተለካው። ሥልጠናውም የተሰጠው ትሬድሚል በሚባል የመራመጃ መሣሪያ ላይ እንጂ በበሽሎ ቁልቁለት ላይ አይደለም።

ላብራቶሪ የማይጠይቅ ዘዴም አለ፤ ከዘራ። ብራዚል ውስጥ ሁለት ወር ከዘራ የያዙ ሕሙማን ካልያዙት ያነሰ ሕመም ተሰምቷቸዋል። ነገር ግን ብዙ አባቶች የሚይዙት ከሚያመው ጉልበት ጎን ነው። መያዝ ያለበት በተቃራኒው እጅ ነው፤ ቀኝ ጉልበት ካመመ ከዘራው ግራ እጅ ይግባ፣ ከታመመው እግር ጋር አብሮ መሬት ይንካ። የጭን ጡንቻ ማጠንከርም ዋና መድኃኒት ነው። በወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሣትና ማውረድ ማንም ሰው ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ክብደት የበዛበት ሰው ከቀነሰ ደግሞ ከሰውነቱ በወረደው በእያንዳንዱ ኪሎ በየእርምጃው አራት ኪሎ ያህል ከጉልበቱ ይወርድለታል።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ፤ ከሥራቸውም አንዱ የሰውን አረማመድ አይቶ ማረም ነው። ጉልበቱ በድንገት አብጦ የሞቀና ትኩሳት ያለው ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሕመሙ የቆየ ከሆነ ግን የማስታገሻ ክኒን ተቀብለው ብቻ አይመለሱ፤ ከሐኪሙ ወይም ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ፊት ጥቂት እርምጃ ሄደው «አረማመዴን ይዩልኝ» ይበሉ።