ማስታወቂያንና ዱካ ተከታይን ከበር ስለ መመለስ

በኮምፒውተር ክፍላችን የሚጠቀሙ ወንድሞችና እኅቶች ሁለት ጥያቄዎችን ደጋግመው ያቀርቡልናል። አንደኛው «ጽሑፍ ለማንበብ ብቻ የገዛነው የኢንተርኔት ጥቅል ለምን ቶሎ ያልቃል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ትናንት በአንድ ገጽ ላይ ያየነው ጫማ ዛሬ በሄድንበት ገጽ ሁሉ ለምን ይከተለናል?» የሚል ነው። የሁለቱም መልስ አንድ ስለሆነ፣ በክፍላችን የሠራነውን ሥራ መነሻ አድርገን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩ እንዴት ነው?

የምንከፍተው አንድ ድረ ገጽ ቢሆንም፣ ስልካችን ከብዙ ቦታ ያስመጣል። ጽሑፉ ከአንዱ፣ ሥዕሉ ከሌላው፣ ማስታወቂያው ከሦስተኛው ይመጣል። ለዓይን የማይታዩም አሉ። የእነዚህ ሥራ ማን፣ መቼ፣ ከየት ሆኖ ምን እንዳነበበ መዝግበው ለማስታወቂያ ነጋዴዎች ማቀበል ነው። እኛ ዱካ ተከታዮች እንላቸዋለን። ማስታወቂያውም ሆነ ዱካ ተከታዩ የሚጓጓዘው በእኛ ሒሳብ ነው። ከዚህም በላይ፣ አገሩን ጥሎ ለወጣ ሰው የት እንዳለና ምን እንደሚያነብ በማያውቀው ሰው እጅ መግባቱ ቀላል ነገር አይደለም።

እያንዳንዱ ቦታ ስም አለው፤ ኮምፒውተሮች ግን የሚገናኙት በቁጥር ነው። ስለዚህ ስልካችን አስቀድሞ ዲ.ኤን.ኤስ. የተባለውን የስም መዝገብ «የዚህ ስም ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የራሳችንን መዝገብ ጠባቂ ካቆምን፣ ለታወቁ የማስታወቂያና የዱካ ተከታይ ስሞች «እንዲህ ያለ ስም የለም» ብሎ እንዲመልስ ማድረግ እንችላለን። ቁጥሩ ካልተገኘ የሚመጣ ነገር የለም፤ ሒሳብም አይቆረጥም። በየስልኩ ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም።

ምን መረጥን?

የመረጥነው ኦፕን ቢ.ኤስ.ዲ. የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በቴዎ ደ ራት መሪነት የተጀመረ ሲሆን፣ በነፃ የሚሰጥ ነው። ከሁሉ በፊት የሚያስቀድመው ጸጥታን ነው። ሲጫን አብዛኞቹ አገልግሎቶች ዝግ ናቸው፤ የሚያስፈልገውን ባለቤቱ ራሱ ይከፍታል። አንባውንድ የተባለው የስም መዝገብ ጠባቂና ፒ.ኤፍ. የተባለው ፋየርዎል አብረውት ይመጣሉ። አንባውንድ በራሱ ማኅደር ውስጥ ታጥሮ ስለሚሠራ፣ አንድ አጥቂ ቢሰብረው እንኳ ወደ ሌላው የማሽኑ ክፍል ማለፍ ይቸግረዋል። ለዚህ ሥራ ያረጀ ዴስክቶፕ ይበቃል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል፦

1ኛ/ ለማሽኑ የማይለወጥ አድራሻ መስጠት።

2ኛ/ አንባውንድ ከክፍሉ ኔትወርክ ለሚመጣ ጥያቄ ብቻ እንዲመልስ ማዘዝ። ለውጭ ሰው ክፍት ከተተወ አጥቂዎች ሌላውን ለመጉዳት ይጠቀሙበታል።

3ኛ/ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁትን የስም ዝርዝር አውርዶ፣ እያንዳንዱን ስም «ሎካል ዞን» በሚለው ትእዛዝ «የለም» ተብሎ እንዲመለስ ማስገባት።

4ኛ/ ፋይሉን አንባውንድ ቼክኮንፍ በተባለው መመርመሪያ ማየት። አንድ ምልክት ብትሳሳት አንባውንድ አይነሣም፤ ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ኢንተርኔት ያጣል።

5ኛ/ ለስልኮች አድራሻ የሚያድለው ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. የስም መዝገቡ የእኛ ማሽን መሆኑን እንዲነግራቸው ማድረግ።

6ኛ/ ማሽኑ የኢንተርኔቱ መውጫ በር ከሆነ፣ በ53 ቁጥር ወደብ ወደ ሌላ መዝገብ የሚሄደውን ጥያቄ በፒ.ኤፍ. ወደ ራሳችን መመለስ።

ዝርዝሩን በየሳምንቱ ማደስ ይገባል፤ ስሞቹ ይለዋወጣሉና።

የሠራነው ስሕተት

መጀመሪያ ላይ «ብዙ ቢታገድ ይሻላል» ብለን ረጅሙን ዝርዝር አስገባን። በዚያው ሰሞን አንድ ተማሪያችን የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ሞልቶ «ላክ» ሲለው ገጹ እምቢ አለ። ማብቂያው በዚያው ቀን ነበር። ፈልገን ስናገኘው፣ ቅጹ የሚጠቀምበት አንድ ስም እኛው ባስገባነው ዝርዝር ውስጥ ተቀምጧል። ስሙን ፈታነው፤ ማመልከቻውም ከመሸ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በአጭር ዝርዝር እንሠራለን፤ የማይታገዱ ስሞችንም ለብቻ ጽፈን ይዘናል። በክፍሉ በርም ላይ «ገጽ አልከፈት ካላችሁ ወዲያው ንገሩን» የሚል ወረቀት ለጥፈናል።

የማይሠራው

ማስታወቂያውና ቁም ነገሩ ከአንድ ስም ሲመጡ፣ ለምሳሌ በዩቲዩብና በፌስቡክ፣ ይህ ዘዴ ሊለያቸው አይችልም። ጥያቄያቸውን በምስጢር ቋንቋ ቆልፈው በሌላ መንገድ የሚልኩ ፕሮግራሞችም ያመልጡታል። ከክፍሉ ወጥታችሁ በራሳችሁ ሲም ካርድ ስትጠቀሙ ጥበቃው አብሯችሁ አይሄድም። «ገንዘብ ላኩና የሦስተኛ አገር ጉዳያችሁን እናስጨርሳለን» የሚሉ አታላዮችንም አያስቆምም። ለሦስተኛ አገር ሰፈራ ክፍያ አይጠየቅም።

አደራው

በመጨረሻ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በክፍሉ የሚጠየቀው ስም ሁሉ በዚህ ማሽን በኩል ያልፋል። ማሽኑን የያዘ ሰው ከፈለገ ማን ምን እንደጠየቀ እንዲመዘገብ ማድረግ ይችላል። እንግዲህ ዱካ ተከታይን ከበር እንመልሳለን ብለን ራሳችን ዱካ ተከታይ ልንሆን እንችላለን ማለት ነው። አንባውንድ ካልታዘዘ በቀር ጥያቄዎችን አይመዘግብም፤ እኛም አላዘዝነውም። ይህን በቃላችን ብቻ እንድታምኑ አንጠይቅም። የሚፈልግ ሁሉ መጥቶ መቼት ፋይሉን ከእኛ ጋር መስመር በመስመር ማየት ይችላል። በሌላ ቦታም እንዲህ ያለ ማሽን ሲተከል ካያችሁ፣ ስለ ማስታወቂያው ከመጠየቃችሁ በፊት «መዝገቡ ዝግ ነው ወይ? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።