ኮምፒዩተር ከተዘጋ በኋላ በርተው ስለሚቀሩ መሣሪያዎች

ኮምፒዩተር በሥርዓቱ ተዘግቶ፥ ስክሪኑ ጠቍሮ፥ ማራገቢያውም ዝም ካለ በኋላ የማውዙ ቀይ መብራት እንደ በራ ሲያድር ያላየ ተማሪ ጥቂት ነው። አንዳንዱ ቫይረስ ገብቶበታል ይላል፤ አንዳንዱም ኮምፒዩተሩ አልተዘጋም ብሎ እንደ ገና ከፍቶ ይዘጋዋል። የነገሩን ምክንያት በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የተነሣነው ለማወቅ ብቻ ብለን አይደለም። «ተዘግቷል» ብሎ የማሽኑን ሆድ የሚከፍት ሰው በራሱ ባይሆን እንኳ በማሽኑ ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና ነው።

ቀድሞ ነገሩ ቀላል ነበር። ኤ-ቲ በሚባለው በአሮጌው ዐይነት ኮምፒዩተር ላይ ያለው ማጥፊያ እንደ ቤት መብራት ማጥፊያ ሁሉ ከግድግዳ የሚመጣውን ኮረንቲ ራሱን ይቈርጥ ነበር። በዚያ ዐይነት ማሽን ላይ ዊንዶውስ 95 ሥራውን ከጨረሰ በኋላ አሁን ማጥፋት ይቻላል የሚል መልእክት በስክሪኑ ላይ አውጥቶ ይጠብቅ የነበረውም ራሱን ማጥፋት ስለማይችል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ኢንቴል ኤ-ቲ-ኤክስ የተባለውን ደረጃ ባወጣ ጊዜ ግን ይህ አሠራር ተለወጠ።

በአዲሱ አሠራር በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ሁለት ክፍሎች አሉ። አንዱ ትልቁ ሲሆን 12፥ 5 እና 3.3 ቮልት እያወጣ ማሽኑን በሙሉ ያሠራል። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ገመዱ ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ ሌሊትም ቀንም በወይን ጠጅ ቀለም ሽቦ 5 ቮልት ወደ ማዘርቦርዱ ይልካል። በፊት ለፊት ያለው ቍልፍ ከግድግዳው ኮረንቲ ጋራ ምንም ግንኙነት የለውም። ቍልፉ ሲጫን ማዘርቦርዱ የአረንጓዴውን ሽቦ ቮልት ወደ ዜሮ ያወርዳል፤ ትልቁም ክፍል ይነሣል። ስንዘጋው ደግሞ አረንጓዴው ሽቦ ይለቀቃል፤ ትልቁ ክፍል ይተኛል፤ ትንሹ ግን እንደ ነቃ ይቀራል። ነገሩን በቤት ብንመስለው ባለቤቱ በሩን ዘግቶ ሲተኛ ዘበኛው በር ላይ ፋኖሱን አብርቶ እንደሚያድረው ነው። በታኅሣሥ 1996 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የወጣው ኤ-ሲ-ፒ-አይ የተባለው ደንብ ለዚህ ሁኔታ ኤስ-5 የሚል ስም ሰጥቶታል፤ ገመዱ ተነቅሎ ከሚገኘው ሁኔታም ለይቶ ያየዋል።

ዘበኛው ያለ ሥራ አልቆመም። የቍልፉን መጫን የሚሰማው እርሱ ነው። ከሩቅ በኔትወርክ ገመድ የሚላክ የመቀስቀሻ መልእክት የሚቀበለው፥ በአንዳንድ ማሽን ላይም በኪቦርድ መክፈት የሚቻለው በዚሁ 5 ቮልት ነው። ብዙ ማዘርቦርዶች ይህንኑ 5 ቮልት ወደ ዩኤስቢ ቀዳዳዎቻቸው ስለሚያደርሱት ማውዙ ይበራል፤ ስልክም ሲሞላ ያድራል።

የራሳቸው የኮረንቲ ገመድ ያላቸው ፕሪንተርና ትልልቅ የውጭ ዲስኮች ግን ሌላ ጕዳይ ናቸው። እነዚህ ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ ትእዛዝ መጠበቅ ያቆማሉ እንጂ ኮረንቲያቸውን ከእርሱ ስለማያገኙ በራሳቸው ማጥፊያ ካልጠፉ አይጠፉም።

ስለ ኪሳራው ብዙ ማጋነን አያስፈልግም። 5 ቮልት በ0.1 አምፔር የሚወስድ ማውዝ ግማሽ ዋት ይፈጃል፤ ዓመቱን ሙሉ ቢበራ 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ለአንድ ተማሪ ይህ ምንም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ግን የብዙ ሚሊዮን መሣሪያ ድምር ስለ ታየው በቍጥር 1275/2008 ደንብ የተዘጋ የቤትና የቢሮ መሣሪያ ከ2010 ጀምሮ ከ1 ዋት፥ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ከ0.5 ዋት በላይ እንዳይወስድ አዘዘ። በብዙ ማዘርቦርዶች ባዮስ ውስጥ ኢ-አር-ፒ የሚባለው ምርጫ የመጣው ከዚህ ዐይነቱ ሕግ ነው። እርሱን ያበራ ሰው ማውዙ ሲጠፋለት ያያል፤ ነገር ግን በኪቦርድና በኔትወርክ መቀስቀስም አብሮ ይቀራል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ያለው ፈጣን አነሣሥም መዘጋቱን ግማሽ እንቅልፍ ስለሚያደርገው፥ ሺፍት የሚባለውን ቍልፍ ተጭኖ መዝጋት ወይም ፈጣን አነሣሡን ማጥፋት አንዳንድ ጊዜ ይረዳል።

ወደ ዋናው ጕዳይ እንመለስ። ትንሹ ክፍል ነቅቶ ሳለ ሜሞሪ ወይም ካርድ የሚነቅልና የሚሰካ ሰው ኮረንቲ ባለበት ቦታ ላይ እየሠራ ነው። 5 ቮልት እጅን አይነዝርም፤ ሜሞሪን ግን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑ ፈጽሞ እስኪዘጋ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ዲስኩ ገና ሲጽፍ ዲቫይደሩን ማጥፋት ፋይል ያበላሻልና። ከዚያ ገመዱን ከሶኬት መንቀል፥ ቀጥሎም የመክፈቻውን ቍልፍ አንድ ጊዜ ተጭኖ በውስጥ የቀረውን ኮረንቲ ማስወጣት ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ትንሽ መብራት ካለች እስክትጠፋ መታገሥ ይገባል።

ይህም ሁሉ ተደርጎ መብራቷ አልጠፋ ያለች እንደ ሆነ ወደ ዩኤስቢ ማከፋፈያው መመልከት ነው። የራሱ ኮረንቲ ያለው ርካሽ ማከፋፈያ ደንቡ የሚከለክለውን ሥራ እየሠራ ኮረንቲውን ወደ ኋላ፥ ወደ ኮምፒዩተሩ ሊመልሰው ይችላል፤ ስለዚህ የዩኤስቢ ገመዶችም አብረው ይነቀላሉ።

በክረምትም እንዲሁ ነው። መብረቅ ሲበዛ ወይም ሄዶ የነበረው መብራት በድንገት ሲመጣ ከፍ ያለው ቮልት በቅድሚያ የሚያገኘው ሁልጊዜ ከግድግዳው ጋራ የተገናኘውን ይህንኑ ትንሽ ክፍል ነው። እርሱ ከተቃጠለ ትልቁ ክፍል ደኅና ቢሆን እንኳ የሚቀሰቅሰው ስለሌለ ቍልፉ ቢጫን ማሽኑ አይነሣም።