ቤተ ሙከራን ከሩቅ ማስተማር ይቻላልን?

ኮቪድ-19 በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የአገራችንን ዩኒቨርሲቲዎች ባዘጋ ጊዜ፣ የክፍል ገለጻውን በኢንተርኔት ማስተላለፍ ቢቻልም ቤተ ሙከራው ግን ተቆልፎ ቀረ። ችግሩ አዲስ አይደለም። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1971 እ.ኤ.አ. ማስተማር ሲጀምር የሙከራ ዕቃዎችን፣ ማይክሮስኮፕ ሳይቀር፣ ወደየተማሪዎቹ ቤት ይልክ ነበር።

ዛሬ ግን በዕቃው ፈንታ የኮምፒውተር አምሳያ ይበቃል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የሚጎድለውን አንድ ምሳሌ ያስረዳል። እኔ በምኖርበት በኢንስፒራዳ፣ ከላስ ቬጋስ በስተደቡብ፣ ውሃ በ97 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ። ምክንያቱ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት መቀነሱ ነው። 100 እንዲል የተሠራ አምሳያ ግን የትም ቢከፈት 100 ይላል።

ቴርሞሜትሩን የጨበጠ ተማሪ 92 አንብቦ፣ መጽሐፉን ፈርቶ 100 ይጽፋልን? ወይስ ያየውን ጽፎ ምክንያቱን ይመረምራል? የሳይንስ ትምህርት ፍሬ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እንግዲህ ለአገር ቤት ተማሪዎች ከሩቅ የምናስተምር ሁሉ፣ ከገለጻው ጋር ቴርሞሜትሩ የሚደርስበትንም መንገድ ልናስብ፣ ያልታረመውን የመጀመሪያ ንባብም ልንጠይቅ ይገባናል።