ቅቤው ሲረጋ ኑጉ ለምን አይረጋም?

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። በታኅሣሥ ማለዳ፣ የጮቄ ተራራ ብርድ ወርዶ ባደረበት ጓዳ፣ ንጥር ቅቤው ረግቶ ማንኪያ አላስገባም ይላል። አጠገቡ ያደረው የኑግ ዘይት ግን ጠርሙሱን ሲያዘነብሉት ይፈሳል። ሁለቱም ቅባት ናቸው፤ ብርዱም አንድ ነው። የተለየው የቅባቱ ቅርፅ ነው። አብዛኛው የቅቤ ቅባት ቀጥ ያለ ሰንሰለት ስለሆነ እንደ ተከመረ ፍልጥ ተጠጋግቶ ይረጋል። የኑጉ ሰንሰለት ግን መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ ነው። ጎባጣ እንጨት ደግሞ ተጠጋግቶ አይከመርም።

በክረምት የሚቀዘቅዝ ባሕር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያም የሚተርፈው በዚሁ ዘዴ ነው። አካሉ በስስ የቅባት ሽፋን የተጠቀለለ ሲሆን ምግብ የሚገባው፣ ጉድፍ የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። ብርዱ ሲበረታ ሽፋኑ እንደ ቅቤ ሊረጋ ይቃጣዋል። ያን ጊዜ ባክቴሪያው ቀጥ ያሉትን ሰንሰለቶች በኢንዛይም እያጎበጠ ወይም አዲሶቹን አጠር አድርጎ እየሠራ ቅቤውን ወደ ኑግ ይለውጠዋል። ውሃው ሲሞቅ መልሶ ያጠነክረዋል፤ አለዚያ ሽፋኑ ከልክ በላይ ይላላበታል።

ሽፋኑ ብቻ አይደለም ችግሩ። በብርድ የህዋሱ መልእክት የሚጻፍበት ክር፣ አርኤንኤ የሚባለው፣ ይተበተባል። ስለዚህ ባክቴሪያው ትብትቡን የሚፈቱ ልዩ ፕሮቲኖች በብዛት ያመርታል። ብርድ ወዳዶቹ ባክቴሪያዎች ደግሞ ኢንዛይማቸው ላላ ብሎ የተሠራ ነው፤ በብርድ ይንቀሳቀሳል፣ ሙቀት ሲያገኘው ግን ቶሎ ይፈርሳል። ለብርድ የተፈጠረ ቆላ አይበረክትም።

የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት 2 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስኪጠጋ ድረስ አይረጋም። ሲረጋም ጨዉን ወደ ቀጫጭን ቦዮች ይገፋዋል፤ እዚያ ውስጥ ያለው ውሃ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ከአርክቲክ ባሕር ደለል የተገኘችው ኮልዌሊያ የተባለች ባክቴሪያ 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ስትዋኝ ታይታለች። የዘር መዝገቧ ተነብቦ የወጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።

የእኛ እርሾ ግን የኮልዌሊያ ዘመድ አይደለም። ጤፉን የሚያቦኩት ባክቴሪያዎችና እርሾዎች ሙቀት ይወዳሉ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ ሥራቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ማርቆስ ላይ ሊጡ ኩፍ ለማለት ቀን የሚጨምረው፤ ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ላይ ግን የሚቸኩለው። ቡሃቃውን ምድጃ ዳር አስጠግታ በነጠላ የምትሸፍን ባለሙያ ያለ ቴርሞሜትር የምትሠራው ይህንኑ ስሌት ነው።

ማቀዝቀዣ ቤት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ጥሬ ወተት ከውጭ ሲያድር አቡኪዎቹ ባክቴሪያዎች ስለሚቀድሙ ይረጋል፤ እርጎ ይሆናል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲሰነብት ግን እነሱ ደንዝዘው ይቀመጡና ሲውዶሞናስ የሚባሉት ብርድ የሚችሉ ባክቴሪያዎች ሜዳውን ያገኛሉ። እነዚህ ወተቱን እርጎ አያደርጉትም፤ ፕሮቲኑንና ቅባቱን ይሰባብራሉ። ከሳምንት በኋላ ክዳኑን ሲከፍቱት ጥሩ የእርጎ ሽታ ጠፍቶ መራራ ነገር የሚጠብቀው በእነሱ ነው።