ስለ አዳኝ ውሻና ስለ አያያዙ

በአውሮፓ አገር፥ ወፍ ሲሸተው ሳይጮኽ ቀጥ ብሎ የሚቆም፥ አንድ እግሩንም አንሥቶ በአፍንጫው ለጌታው የሚያመለክት የአደን ውሻ አለ። በነቀምትና በቀሩት የወለጋ አገሮች ያለው ውሻ ግን በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቀው በጩኸቱ ነውና፥ ዝም ብሎ እንዲቆም ቢያስተምሩት ጥቅሙ ይጠፋል።

ውሻ ንጹሕ ውሃና ደረቅ መኝታ ይሻል። ሳይጠግብ የሚያድር ውሻ እርሻውን ትቶ ጥንብ ፍለጋ ይዞራል፤ በዚያም ካበደ ውሻ ጋራ ይናከሳል። ስለዚህ ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው፥ ከዚያም በየዓመቱ ማስከተብ ይገባል።

የእብደት በሽታ በለሃጭ ይተላለፋል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል፤ ሳይታይ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ይኽንም ክትባት ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓመት ውሻ ለነከሰው ለአንድ የ9 ዓመት ልጅ ሰጠ። እንግዲህ ልጅ በተነከሰ ጊዜ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ማጠብ፥ ወዲያውም በነቀምት፥ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ወዳለው ሆስፒታል መውሰድ ነው። ሥር መማስና ቅጠል መጨመቅ ቀን ያስፈጃል፤ ጠበል የሚሹም ቢኖሩ መርፌው ከተወጋ በኋላ ይደርሳሉ።