ቁልፉ ቢጠፋ መኪናውም ጠፋ ማለት ነውን?



በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ውሃና ስለ መንገድ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ዛሬ ለአንባብያን ላቀርብ የፈለግሁት ግን በኪስ ስለሚያዝ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም የዘመኑ መኪና ቁልፍ ነው። ዕቃው ትንሽ ቢሆንም ሲጠፋ የሚጠይቀው ገንዘብ የአንድ መካከለኛ የመንግሥት ሠራተኛን ቤት የሚያናጋ ስለ ሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

የዳግማዊ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር በነበሩት በፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ስም በሚጠራው ድልድይ አጠገብ አንድ ቁልፍ ቀራጭ አውቃለሁ። የላዳ ታክሲ በከተማው ሞልቶ በነበረበት ዘመን ባለ ላዳው ቁልፉን ሰጥቶት፣ በአቅራቢያው ካለ ቡና ቤት ማኪያቶውን ጠጥቶ ሲመለስ አዲሱ ቁልፍ ተቀርጾና ተሞርዶ ይጠብቀው ነበር። የቮልስዋገኗም የፊያቷም እንዲሁ ነበር። ብረት ነውና ጥርሱ ከገጠመ ያስነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም።

የእኔዋ መኪና በእቁብና በብድር የተገዛች፣ በውጭ አገር ያገለገለች ቪትዝ ናት። ስረከባት አንድ ቁልፍ ብቻ ነበራት። ሁለተኛው የት አለ ብዬ ብጠይቅ ሻጩ «የመጣችው እንዲሁ ነው» አለኝ፤ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ይህን መልስ ሳያውቀው አይቀርም። ባለፈው ክረምት መኪናዋን አቁሜ ድልድዩን በእግሬ ስሻገር በሰው ግፊያ መካከል ኪስ አውላቂ ቁልፉን ከነቦርሳዬ ወሰደው። ወደዚያው ቁልፍ ቀራጭ ሄድኩ። ሰውየው ሙያውን ያውቃልና በሩን ከፍቶ፣ የማስነሻውን ጥርስ ለክቶ፣ ብረቱን ቀረጸልኝ። መሪው ተፈታ። «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ግን የእኔ እጅ አይደርስም፤ ሞተሩ አይነሳልዎትም፤ ኮምፒዩተሩ ይህን ቁልፍ አያውቀውም» አለኝ። እንዳለውም ሆነ።

ታዲያ በዚያች ፕላስቲክ ውስጥ ምን ኖሯል? በቁልፉ ራስ ውስጥ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ ቺፕ አለች። የራሷ ባትሪ የላትም። ቁልፉ ሲገባ በማስነሻው ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ ኃይል ይልክላታል፤ እርስዋም መለያዋን መልሳ ትናገራለች። ኮምፒዩተሩ መለያውን በመዝገቡ ካገኘው ሞተሩን ይፈቅዳል፤ ካላገኘው ይከለክላል። በመዝገብ ቤት ላረጀን ለእኛ ይህ እምብዛም አይገርመንም፤ ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ ወደ አለቃ አይቀርብምና።

መሣሪያውን ኢሞቢላይዘር ይሉታል። የመጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። በአውሮፓ የመኪና ስርቆት በመብዛቱ በእነርሱ አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ በአዲስ የቤት መኪና ላይ መግጠም ግዴታ ሆነ። በአሜሪካ ግን ግዴታ ስላልነበረ ብዙ የኪያና የሂዩንዳይ መኪናዎች ያለዚህ መሣሪያ ተሸጡ፤ በ2021 እና በ2022 ወጣቶች የመሪውን መሸፈኛ እየገነጠሉ በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ ሲያስነሷቸውና ሲነዷቸው ዓለም ተመልክቷል። እንግዲህ እኔም ብሆን ይህ ጠባቂ ከመኪናዬ ይነሳልኝ አልልም። ጥያቄዬ ስለ ዋጋው ነው።

መኪናዋን በሌላ መኪና አስጎትቼ ስሙን መጥራት ወደማልፈልገው አንድ ድርጅት ወሰድኳት። በመጀመሪያ ሊብሬዬንና መታወቂያዬን ተመለከቱ፤ ሌባም ቁልፍ ጠፋብኝ ብሎ ሊመጣ ይችላልና ይህ ተገቢ ነው። ቀጥሎ የነገሩኝ ዋጋ ግን ከሁለት ወር ደመወዜ በላይ ሆነ። ዝርዝሩን ብጠይቅ በወረቀቱ ላይ «ፕሮግራም» የሚል አንድ ቃል ብቻ አገኘሁ። ዋጋውም የሚጸናው ለዚያ ሳምንት ብቻ ነው፤ በዶላሩ ምክንያት ነው ተባልሁ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ሁላችንም ስለምናውቅ ይህን ምክንያት አልክደውም። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣው ቺፑና መሣሪያው ነው፤ የባለሙያው ድካም የሚከፈለው በብር ነው። የትኛው ስንት እንደ ሆነ ተለይቶ ቢጻፍ ምን ይጎዳል? ለመስከረም የልጆች ትምህርት ቤት ያስቀመጥሁትን ገንዘብ ከፍዬ፣ የቀረውን ከባልደረቦቼ ተበድሬ፣ ሦስት ሳምንት ጠብቄ መኪናዋን አወጣሁ።

በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ የተረዳሁት ነገር ለሌላው ሳይጠቅም አይቀርም። አንድ የተመዘገበ ቁልፍ በእጅ ካለ ሌላ ማስመዝገብ ቀላል ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ነባሩ ለአዲሱ ዋስ ይሆነዋል። ሁሉም ሲጠፋ ግን ዋስ አይገኝም። በብዙ የቀድሞ ቶዮታዎች የኮምፒዩተሩን ሣጥን ፈትቶ በውስጡ የተመዘገበውን እንደገና መጻፍ፣ አለዚያም ሣጥኑን መለወጥ ያስፈልጋል። ገንዘቡን የሚበላው ይህ ነው እንጂ ብረቱ አይደለም። ስለዚህ ባለ አንድ ቁልፍ የሆነ ሁሉ ሁለተኛውን የሚያሠራበት ጊዜ አንደኛው በኪሱ ሳለ ነው።

የመሥሪያ ቤቶቻችንም ነገር ያሳስበኛል። እኔ ባየኋቸው የመኪና ርክክብ ሰነዶች ክሪኩ ይቆጠራል፣ ስኮርታ ጎማው ይቆጠራል፣ ምንጣፉ ሳይቀር ይመዘገባል፤ ቁልፍ ስንት እንደ ሆነና የትኛው በማን እጅ እንዳለ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ሹፌሩ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ያለው ቁልፍ አንድ ሆኖ ይገኛል። እርሱ የጠፋ ቀን የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ግዥው እስኪጸድቅም መኪናው ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሶ ይከርማል።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት በእነርሱ አቆጣጠር በ2006 በወጣ ሕግ፣ የመኪና ፋብሪካዎች ከጥቂቶቹ በቀር ባለመኪናው በተመዘገበ ቁልፍ ሠሪ አማካይነት ቁልፉን የሚያሠራበትን መረጃ በማናቸውም ሰዓት እንዲያገኝ ተገደዋል። በእኛም አገር ቢሆን ሻጭ የቁልፉን ብዛትና የቁልፉን መለያ ቁጥር በደረሰኙ ላይ ቢጽፍ፣ ድርጅቶችም የቺፑንና የሥራውን ዋጋ ለየብቻ በግድግዳቸው ላይ ቢለጥፉ የሚከብድ አይመስለኝም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በመከልከሉ ከቻይና የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች በርክተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የቁልፍ ቀዳዳ እንኳ ያለው ማስነሻ የላቸውም፤ ቁልፉ ከኪስ ሳይወጣ በሬዲዮ ይነጋገራል፤ በካርድ የሚከፈቱም አሉ። በግል አስመጪ የገባው፣ ፋብሪካው እዚህ ወኪል ያላቆመለት መኪና ቁልፉ ሲጠፋ ባለቤቱ ማንን ይጠይቅ?

አንድ ነገር ልጨምር። ሪሞቱ ዝም ያለ ቁልፍ ሁሉ የሞተ አይደለም። አንድ ባልደረባዬ አዲስ ቁልፍ ሊያዝዝ ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ የጎደለው ፒያሳ ከሰዓት ጠጋኞች ዘንድ የሚገኝ 2032 የሚል ቁጥር ያለበት እንደ ሳንቲም ያለ ባትሪ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በብዙዎቹ የዘመኑ ቁልፎች ሆድ ውስጥም በሩን የሚከፍት ትንሽ ብረት ተሸሽጓል፤ ባትሪው ቢያልቅም ቁልፉን ወደ ማስነሻው አዝራር አስጠግቶ መሞከር ነው።

አስመጪዎችና ወኪሎች በበኩላቸው የሚሉት ነገር ካላቸው በዚሁ ዓምድ ቢጽፉልን፣ በተለይም «ፕሮግራም» የሚለው ቃል ምን ምን እንደሚጠቀልል ቢያስረዱን በደስታ እናነባለን።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአራዳ