ቀዩን ሸራ ቀረብ ብላችሁ እዩት

የባርኔት ኒውማን «ቀይን፣ ቢጫንና ሰማያዊን ማን ይፈራል? 3» የሚገኘው በአምስተርዳሙ ስቴዴሊክ ሙዚየም ነው። የዘይት ቀለም ሥዕል ሲሆን በ1966 እና በ1967 እ.ኤ.አ. ተሠራ። ወርዱ ከ5 ሜትር፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር ያልፋል። ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ካሉት ጠባብ ሰማያዊና ቢጫ መስመሮች በቀር ሁሉም ቀይ ነው። ሠዓሊው የኒውዮርክ ሰው ነበር።

«ይሄንንማ ልጄም ይቀባዋል» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ልጃቸው ቀርቶ አንቱ የተባለ ባለሙያም እንዳቃተው ስለማውቅ ነው።

በ1986 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው በትንሽ ቢላ ሸራውን ተረተረው። የተቀደደው ቢደመር ወደ 15 ሜትር ይጠጋል። ሸራውን መጠገን ይቻላል፤ ችግሩ ቀዩ ነው። የዘይት ቀለም ስስ ሆኖ ተደራርቦ ሲቀባ ብርሃን ዘልቆ ይገባና ከሥር ያለውን ቀለም ነክቶ ይመለሳል። ፊት ወይም ተራራ ባለበት ሥዕል ላይ የተጠገነ ቦታ አንድ ጥግ ይሸሸጋል። እዚህ ግን መሸሸጊያ የለም። ቤቱን ቀለም ያስቀባ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ አንዲት የተላጠች ቦታ ነካ ካደረጉ በኋላ ግድግዳው ዥጉርጉር ይሆናል።

ሥዕሉ ኒውዮርክ ተልኮ ታድሶ በ1991 ሲመለስ ብዙዎች «ቀዩ ሞቷል» አሉ። በቤተ ሙከራ ሲመረመር ቀዩ ክፍል በሮለርና ለቤት መቀቢያ በሚውለው በአልኪድ ቀለም ተደርቦበት ተገኘ። አዳሹ ግን አላመነም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ያው አጥቂ ደግሞ በ1997 ወደ ሙዚየሙ ተመልሶ ቀዩን ሲያጣው የኒውማንን ሰማያዊ ሥዕል «ካቴድራን» ቀደደ። አንድ ቀለም ብቻ ሰውን እንዲህ ሲያስቆጣ ይገርመኛል።

ኒውማን በ1951ዱ ኤግዚቢሽኑ ላይ ትልልቆቹን ሥዕሎች ከቅርብ እንድናያቸው በጽሑፍ ማሳሰቢያ ለጥፎ ነበር። ዛሬም የሚሰማው ጥቂት ነው። ጎብኚው አዳራሹ ጥግ ላይ ቆሞ በስልኩ ፎቶ ያነሳና ያልፋል። በስልክ የምታዩት ቀይ አራት ማዕዘን ነው፤ ሥዕሉ እሱ አይደለም። ቀረብ ብላችሁ ቁሙና ሸራው ዓይናችሁን ግራና ቀኝ ይሙላው፤ ጥቂት ቆይቶ ቀዩ አንዴ ወደ እናንተ ሲመጣ፣ አንዴ ሲሸሽ ታያላችሁ።

እጃችሁን ግን ሰብስቡ። የጣት ወዝ እንዲህ ያለ ሸራ ላይ ካረፈ ማስለቀቁ ጭንቅ ነው፤ የሚያድሰውም ሰው ከዚያው ከቀዩ ጋር ነው የሚታገለው።